ኦልድስሞቢል «የአባትህ መኪና» ብቻ አልነበረም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። እኔ ጋ ብቻ ከሦስት ሰው ደርሶኛል። አንደኛው ላኪ «አንተ የመኪና ነገር ትወዳለህ፤ እስቲ ምን ትላለህ?» የሚል ጨምሮበታል። ጉዳዩ ኦልድስሞቢል ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ በ2004 የተዘጋው፣ የአሜሪካው ኩባንያ የጄኔራል ሞተርስ መኪና። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ኦልድስሞቢል የመካከለኛ ዋጋ መኪና ነበር፤ መሀል ላይ ያለ ነገር ደግሞ ማንነት የለውም። በዚያው ኩባንያ ውስጥ ከላይ ውዱ ካዲላክ አለ፣ ከታች ርካሹ ሼቭሮሌ አለ፣ መሀሉ መሙያ ነው። ሁለተኛ፣ ኦልድስሞቢል የሚባለው ስሙ የተለወጠ ሼቭሮሌ ነው። ሦስተኛ፣ የናፍጣ ሞተሩ ስሙን አጠፋው። አራተኛ፣ በ1988 የወጣው «ይህ የአባትህ ኦልድስሞቢል አይደለም» የሚለው ማስታወቂያ ገደለው። አምስተኛ፣ ደንበኞቹ አርጅተው አለቁ፣ ልጆቻቸው የጃፓን መኪና ገዙ፤ ስለዚህ ሞቱ የተፈጥሮ ሞት ነው።

እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ይጣፍጣል። ሰውየው መጻፍ ይችልበታል፣ ዓመቶቹንም አላሳሳተም። እኔን ያስነሳኝ ከዓመቶቹ ያወጣው መደምደሚያ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ላሳውቅ። እኔ ገለልተኛ አይደለሁም። አሜሪካ መጥቼ መጀመሪያ የተሳፈርኩበት መኪና የአጎቴ ኦልድስሞቢል ከትላስ ሲየራ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ክረምት ላይ። የፊት ወንበሩ አንድ ወጥ ነው፣ ልክ እንደ ሶፋ። ማርሹ መሪው ጎን ላይ ነው፤ ወደ ራስህ ትስበውና ወደ ታች ታወርደዋለህ። ፊት ሦስት፣ ኋላ ሦስት ሆነን እንሄድ ነበር። አጎቴ «ይኼ መኪና ሳይሆን ሳሎን ነው» ይል ነበር፣ ዳሽቦርዱን መታ መታ እያደረገ። እሱ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። መኪናውን የሸጠችለት ግን ጡረታ የወጣች አሮጊት ነበረች። ይህችን ነጥብ ለጸሐፊው ከወዲሁ ሰጥቻለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ።

«መሀል ያለ ማንነት የለውም» የሚለው ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን የታሪኩን መጀመሪያ ዘሎታል። ራንሰም ኦልድስ ድርጅቱን ላንሲንግ፣ ሚሺጋን ውስጥ ሲያቋቁም 1897 ነበር። ጄኔራል ሞተርስ የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም። የሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲም ገና አሥራ አንድ ዓመት ይቀረዋል። በመጋቢት 1901 ዲትሮይት ያለው ፋብሪካው ተቃጠለ። ከእሳቱ በኋላ ድርጅቱ ሙሉ ትኩረቱን በአንዲት ትንሽ መኪና ላይ አደረገ፤ ፊቷ እንደ በረዶ ላይ ጋሪ የታጠፈ፣ አንድ ሲሊንደር ያላት፣ በመሪ ፈንታ እንደ ጀልባ በዘንግ የምትዘወር። ዋጋዋ 650 ዶላር ነበር። በ1904 በዓመት ከ5,000 በላይ ተመርተዋል። አሜሪካ ውስጥ መኪና በብዛት ማምረት የተጀመረው በእሷ ነው። ፎርድ ተንቀሳቃሹን የማምረቻ መስመር የዘረጋው በ1913 ነው። የፎርድን ሥራ ማሳነሴ አይደለም። ግን ማንነት የለውም የተባለው መኪና ቀድሞ የጀመረው መሆኑ አንድ መስመር አያንስም ነበር።

ጄኔራል ሞተርስ ኦልድስሞቢልን የገዛው በ1908 ነው። በ1920ዎቹ አልፍሬድ ስሎን የሚባለው አለቃ ታዋቂውን መሰላል ሠራ። ለእያንዳንዱ ኪስ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ መኪና። ከታች ሼቭሮሌ፣ ቀጥሎ ፖንቲያክ፣ ከዚያ ኦልድስሞቢል፣ ከዚያ ቢዊክ፣ ከላይ ካዲላክ። ደመወዝህ ሲያድግ አንድ ደረጃ ትወጣለህ፤ ከቤቱ ግን አትወጣም። ኦልድስሞቢል ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ልክ መሀል።

እና መሀል መሆን ምን ማለት ነው? እስቲ በኩባንያው ቦታ ሆነን እናስብ። አዲስ፣ ገና በደንብ ያልተፈተነ ነገር ሠርተሃል። ሼቭሮሌ ላይ ብትገጥመው ሚሊዮን መኪና ላይ ነው፤ ከተበላሸ አለቀልህ። ካዲላክ ላይ ብትገጥመው ሀብታሙ ደንበኛህ ቁጡ ነው፤ አንዴ መንገድ ላይ ካቆምከው አይመለስም። የሚቀረው መሀለኛው ነው። ገዢው አዲስ ነገር የሚከፍልበት ትንሽ ትርፍ ገንዘብ አለው፤ ቁጥሩም ስህተትን ለማረም ይመቻል። ኦልድስሞቢል የጄኔራል ሞተርስ የሙከራ ቤት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ማንነቱም እዚያ ላይ ነው ያለው። ጸሐፊው ባዶ ነው ያለው ቦታ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነበር።

ምሳሌ ልስጥ። በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ሃይድራማቲክ የሚባል ካምቢዮ ወጣ። ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ ሆኖ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው ካምቢዮ ነው። ጭማሪ ዋጋው 57 ዶላር ነበር። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትማሩ ዳገት ላይ ቆማችሁ፣ ፍሪሲዮንና ነዳጅ ስታመጣጥኑ፣ ከኋላችሁ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋባችሁ ላብ ያጠመቃችሁ ሁሉ የ57 ዶላሩ ትርጉም ይገባችኋል። ካዲላክ ይህን ካምቢዮ ያገኘው በማግስቱ ዓመት ነው። አዎ፣ ካዲላክ ከኦልድስሞቢል በኋላ።

በ1966 ደግሞ ቶሮናዶ መጣ። ግዙፍ መኪና ነው፤ 385 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተር፤ የሚነዳው ግን በፊት ጎማ ነው። ኮርድ ከተባለው የ1937 መኪና ወዲህ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና አልተሠራም ነበር። መሐንዲሶቹ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጎን አስተኙትና ኃይሉን በወፍራም ሰንሰለት አሻገሩለት። ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ስለሌለ ወለሉ ጠፍጣፋ ሆነ። መሀል ላይ የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ መሄድ ቀረለት። ካዲላክስ? ኤልዶራዶን በፊት ጎማ ያስነዳው በ1967 ነው። አሁንም ከአንድ ዓመት በኋላ።

ሁሉም ሙከራ ሠምሯል አልልም። የ1962ቱ ጄትፋየር ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ተገጥሞለት ለሕዝብ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መኪኖች አንዱ ነው። ነገር ግን ነዳጁ ሞተሩ ውስጥ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የውኃና የአልኮል ቅልቅል የሚሞላበት ለብቻው ጋን ነበረው። ደንበኛው መሙላት ይረሳል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ደንበኛው ይናደዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀረ። የሙከራ ቤት ነውና እንዲህም ይሆናል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «ስሙ የተለወጠ ሼቭሮሌ» የሚለው፣ የጽሑፉ አከርካሪ ነው። ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ያደክማል።

አካል መጋራት ከጥንትም ነበረ። በ1949 ኦልድስሞቢል «88» የሚባለውን መኪና ሲያወጣ የተጠቀመበት አካል ከሼቭሮሌና ከፖንቲያክ ጋር የሚጋራው ቀለል ያለ አካል ነው። ኮፈኑ ሥር ግን ሮኬት የተባለው አዲሱ ቪ8 ነበር፤ 135 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ላንሲንግ ውስጥ የኦልድስሞቢል መሐንዲሶች የሠሩት። በዚያው ዓመት ካዲላክም የራሱን አዲስ ቪ8 አወጣ፤ ሁለቱ የተለያዩ ሞተሮች ናቸው። ሼቭሮሌ ገና በስድስት ሲሊንደር ላይ ነበር። ትልቅ ሞተር በቀላል አካል ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለመኪና ወዳጆች መንገር አያስፈልገኝም። ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ለተራ መኪኖች በ1949 ሲጀመር የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሬድ ባይረን ያሸነፈው በኦልድስሞቢል ነው። «የአዛውንት መኪና» የሚለው ታርጋ ያኔ ቢለጠፍበት ሰው ይስቅ ነበር።

እንግዲህ አካሉ አንድ ነው፣ መኪናው ግን ሌላ ነው። የሁለት ወንድማማቾች ቤት በአንድ ፕላን ቢሠራም አንደኛው ቤት ውስጥ የሚበላው ወጥ የሌላኛው አይደለም። በየቤቱ የየራሱ ወጥ ሠሪ ነበር።

ደንበኛውም ይህን ያውቅ ነበር። ማስረጃዬ የ1977ቱ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ሳይነካው ማለፉ የገረመኝ። በዚያን ሰሞን ከትላስ የተባለው የኦልድስሞቢል ሞዴል እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር። በ1976 አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ ሆኗል። የኦልድስሞቢል ሞተር ፋብሪካ ፍላጎቱን ማድረስ አቃተው። ኩባንያው ምን አደረገ? ዴልታ 88 በተባለው ሞዴል ላይ የሼቭሮሌ ሞተር ገጠመ። መጠኑ ተመሳሳይ ነው፣ ጉልበቱም እንደዚያው። ለገዢው ግን አልነገረም።

ከዚያ ቺካጎ ውስጥ አንድ ሰው መኪናውን ጋራዥ ይወስዳል። የኦልድስሞቢል መለዋወጫ አልገጥም ይላል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያያል፤ የሼቭሮሌ ሞተር። የኢሊኖይ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን ከሰሰ፣ ከየቦታውም ክስ ጎረፈ። ኩባንያው በመጨረሻ ለገዢዎቹ 200 ዶላርና የተራዘመ ዋስትና አቀረበ። ከዚያ በኋላ በማስታወቂያዎቹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ መኪኖቹ ከተለያዩ የጄኔራል ሞተርስ ክፍሎች የመጡ ሞተሮች እንደሚገጠሙላቸው የሚገልጽ ጽሑፍ ጨመረ።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። የሼቭሮሌው ሞተር መጥፎ ሞተር አልነበረም፤ እንዲያውም ከምርጦቹ አንዱ ነው። ሰዎቹ የከሰሱት መኪናው ስለቆመባቸው አይደለም። የከፈሉበትን ስላላገኙ ነው። ሐረር ቡና ብለው የገዙት ሰዎች ሌላ ቡና ሲቀዳላቸው «ይኼም እኮ ቡና ነው» ቢባሉ የሚሰማቸው ነው የተሰማቸው። ማንነት የሌለው ነገር እንዴት ይሰረቃል? ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ማንነት ነበረው ማለት ነው።

ለጸሐፊው የምሰጠው ግማሽ ደግሞ ይኸው። ከ1982 በኋላ ያለው ታሪክ እሱ እንዳለው ነው። የአጎቴ ሲየራ፣ የሼቭሮሌው ሴሌብሪቲ፣ የፖንቲያኩ 6000፣ የቢዊኩ ሴንቸሪ በአንድ አካል ላይ የተሠሩ አራት መንትዮች ናቸው። ፎርቹን መጽሔት በ1983 አራቱን አሰልፎ የፊት ገጹ ላይ አወጣቸው። ለመለየት ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር። በ1984 የኩባንያው ሊቀመንበር ሮጀር ስሚዝ አወቃቀሩን ሲበውዙት ኦልድስሞቢል ከቢዊክና ከካዲላክ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ገባ፤ የራሱ የምሕንድስና ክፍል ከእጁ ወጣ። የመጨረሻው የኦልድስሞቢል ቪ8 በ1990 ቀረ።

ስለዚህ ጸሐፊው ያየው ነገር አለ። ያየው ግን የመጨረሻዎቹን ሃያ ዓመታት ነው። ሰውየውን አልጋ ከያዘ በኋላ ጠይቀውት «ይኼ ሰው ሮጦ አያውቅም» እንደማለት ነው። ወጥ ሠሪውን ራሳቸው አባረሩት፤ ከዚያ ወጡ ከጎረቤት ጋር አንድ ሆነ ተባለ።

የናፍጣውን ነገር አልከራከርም። ከ1978 እስከ 1985 የተሸጠው 5.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር ጥፋት ነበር። ይህ የናፍጣ ሞተር አየሩን ከሃያ እጥፍ በላይ ያምቃል፤ የዚያ ዘመን ቤንዚን ሞተር ስምንት እጥፍ ገደማ። ኩባንያው የሞተሩን አካል ወፍራም አድርጎ ሠራው፤ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) የሚይዙትን ቡሎኖች ግን በቤንዚኑ ቁጥርና አቀማመጥ ተዋቸው፣ በነበሩት ማሽኖች ለመሥራት ሲባል። ቡሎኑ ይላላል ወይም ይበጠሳል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ውኃ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ነዳጁ ውስጥ ያለውን ውኃ የሚለይ ማጣሪያም አልተገጠመለትም። ጋራዥ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል።

ግን «ገደለው» የሚለው ላይ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ይኸው ሞተር ካዲላክ ላይም ተገጥሟል። እንዲያውም የ1980ው ካዲላክ ሴቪል ፋብሪካ ላይ መደበኛ ሞተሩ ይህ ነበር። ካዲላክ ዛሬም አለ። ሁለተኛ፣ የናፍጣው እሮሮ ጣሪያ ከነካ በኋላ፣ በ1985፣ ኦልድስሞቢል አሁንም ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጧል። አቁስሎታል ብንል ያስማማናል።

ማስታወቂያው ደግሞ የሁሉም ሰው ተረት ሆኗል። የገበያ ሥራ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ይጠቅሰዋል። በማስታወቂያዎቹ ላይ ታዋቂ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር ይቀርቡ ነበር፤ የቢትልሱ ሪንጎ ስታር ከሴት ልጁ ጋር ታይቷል። መልእክቱ ለነባሩ ደንበኛ ስድብ፣ ለወጣቱ ደግሞ ማስታወሻ ነበር፦ «ይህን መኪና የሚነዳው አባትህ ነው»። አባባሉ ብልጥ ነው፣ ለኩባንያው ግን አልሆነም። እስማማለሁ።

ነገር ግን ቀኑን እንይ። ማስታወቂያው የወጣው በ1988 ነው። በ1987 ሽያጩ ቀድሞውኑ ከሚሊዮን በታች በብዙ ወርዷል። የወደቀን ሰው መግፋት ይቻላል፤ ጣልከው ግን አይባልም። ከማስታወቂያው ጀርባ የቀረበውን መኪናም ማየት ነው። «የአባትህ አይደለም» ብለህ የምታሳየው መኪና ከጎረቤቱ ፖንቲያክና ቢዊክ ጋር አንድ አካል ያለው ከሆነ ልጅየው ምን አዲስ ነገር አየ? ያንኑ ዓረፍተ ነገር የ1966ቱን ቶሮናዶ አቁመህ ብትናገረው ታምነህ ነበር።

አምስተኛው «አርጅተው አለቁ» የሚለው ሲሆን በጣም ቀላሉ መልስ ያለው ነው። በጄኔራል ሞተርስ ቤት የአዛውንት መኪና በመባል የሚታወቀው ሌላው ቢዊክ ነው። የወጣቶች መኪና እየተባለ የተሸጠው ደግሞ ፖንቲያክ ነው። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን ቢዊክ መሞት፣ ፖንቲያክ መኖር ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። ኩባንያው በ2009 ሲከስር ፖንቲያክ እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ቢዊክ ተረፈ። ያተረፈው የአሜሪካ ወጣት አልነበረም። ቻይና ነው። ቢዊክ ሻንጋይ ውስጥ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየተመረተ ትልቅ ስም ሆኖ ነበር። ማን እንደሚኖርና ማን እንደሚሞት የወሰነው የደንበኛው ዕድሜ ሳይሆን ኩባንያው ገንዘቡን የት እንዳፈሰሰ ነው። በ1980ዎቹም ሳተርን የሚባል አዲስ ስም ከዜሮ ለመፍጠር በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወጥቷል። ያ ገንዘብ ላንሲንግ ቢሄድ ምን ይሆን ነበር ብዬ አልሟገትም፤ አለመሄዱን ግን እናውቃለን።

የጃፓኖቹ ግን እውነት ነው። ሆንዳ አኮርድ በ1989 አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ የሆነው መኪና ነው፤ ከትላስ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ። የአጎቴም ቀጣይ መኪና ካምሪ ነበር። እኔም ዛሬ የምነዳው ጃፓን ነው። ስለዚህ ብዙ አልደነፋም።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን ልጨምር። ኩባንያው በ1990ዎቹ ሊያንሰራራ ሲሞክር አውሮራ የተባለ ጥሩ መኪና ሠራ፤ የ1995 ሞዴል ሆኖ ወጣ። ኦልድስሞቢል የሚለውን ስም ውጪው ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ውስጥ ገብታችሁ ቴፑ ላይ ነው የምታነቡት። በስማቸው አፈሩ። በታህሣሥ 2000 እንደሚዘጋ ተነገረ። በሚያዝያ 29፣ 2004 የመጨረሻው መኪና፣ አንድ አሌሮ፣ ላንሲንግ ካለው ፋብሪካ ወጣ። ሠራተኞቹ ፈርመውበታል።

በመጨረሻ ስለ ፎቶው። ጽሑፉ የተላከው ከአንድ ፎቶ ጋር ነው፤ ሦስቱም ላኪዎች አብረው ልከውልኛል። ማንነት የሌለው መኪና ለማሳየት ጸሐፊው የመረጠው ምስል የ1966ቱ ቶሮናዶ ነው። የተከደኑ የፊት መብራቶች፣ ክብ የተፈለፈሉ የጎማ ቅስቶች፣ ረጅም ኮፈን። ከሥሩ ምንም አልተጻፈም። «የምን መኪና ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።